የታየ እጅ፣ ያልታየ እጅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

የመጨረሻው ዙር ስልጠና ዛሬ አለቀ። የቀዶ ጥገና በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል ነርሶች በሙሉ ገብተውልኛል። እጅ መቼ እንደሚታጠቡ፣ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ ባይታጠቡ በሽተኛው ላይ ምን እንደሚደርስ ሳወራ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከስልጠናው በፊት የሰጠሁት ፈተና ግማሾቹን ጥሎ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ፈተና ደግሜ ስሰጣቸው የወደቀ የለም። በአስተያየት መስጫው ላይ ሁሉም "በጣም ጥሩ ስልጠና ነው" ብለው ጽፈዋል። አንዱ ብቻ "ክፍሉ ይሞቃል፣ ሻዩ ይበርዳል" አለ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ዳይሬክተሩ በበሩ ብቅ አሉና "ሲስተር፣ ፈተና ማለፋቸው ደስ ይላል፤ ግን መሥራቱን አሳዪኝ" አሉኝ። የስልጠናውን ወጪ የሸፈኑት ሰዎች ሚያዝያ ላይ ይመጣሉ። ስልጠናው ለውጥ ማምጣቱን ካሳየን ወደ ሌሎቹ ሆስፒታሎች ሁሉ ይሄዳል። ካላሳየን የእኔም የስልጠና ቢሮ የሚቀጥል አይመስለኝም። እሱን እሳቸው አላሉም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ክትትል ጀመርኩ። ነጭ ካፖርቴን ለብሼ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ መሀል ቆምኩ። ነርሷ በሽተኛውን ከመንካቷ በፊት ታጠበች? ምልክት። ከነካች በኋላስ? ምልክት።

እንዴት ደስ እንደሚል! ኮሪደሩ ጫፍ ያለው መታጠቢያ ወረፋ ይዞ ነበር። ሰዎቹ ሩጫው የሚሉት ወጣት ነርስ እንኳ፣ ሲራመድ ያየው ሰው የለም፣ ቆሞ በጣቶቹ መሀል ሁሉ አሸ።

ስገባ አንዷ ለሌላዋ "ሳሙና መጣች" ስትል ሰማሁ። እኔን መሆኑ ነው። ይሁን፣ ከዚህ የባሰ ስም ሞልቷል።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ይታጠባሉ። ከስልጠናው በፊት ከአሥር አራት አይሞላም ነበር። ለዳይሬክተሩ ሳሳያቸው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና "ይሄ ነው የምፈልገው" አሉ። ቀኑን ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም።

ማታ ታናሽ እህቴ ደወለች። እማዬን ሆዷን እያማት ነው። ከትናንት ጀምሮ። "ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "ነግሬሽ ነበር፣ ስለ ቁጥርሽ እያወራሽ ነበር" አለችኝ። አላስታውስም።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

የሐሞት ጠጠር። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና። እዚሁ፣ በእኔው ሆስፒታል። እማዬ አልፈራችም፣ እኔ ነኝ የፈራሁት። የልብስ ቦርሳዋን እህቴ ታመጣለች። መነጽሯን እንዳትረሳ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ተመስገን፣ በሰላም ወጣች። መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ደርሷታል። በአጠገቧ ጡረታ የወጡ መምህርት ተኝተዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው። ወሬያቸው አያልቅም፣ እማዬም እንደዚያው ስለሆነች ሁለቱ ገጥመዋል።

ዛሬ ከታክሲ ወርጄ በሩጫ ነው የገባሁት፣ የመጠየቂያ ሰዓት ሊያልቅ ነበር። የፋሻው ጠርዝ ተነስቶ ያሳክካታል። አስተካክዬ ለጠፍኩላት። "እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል" አለች፣ ሆዷን ሰብሰብ አድርጋ። እህቴም አጠገባችን ነበረች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሥራ በኋላ ካፖርቴን አውልቄ፣ ሹራቤን ደርቤ፣ እንደማንኛውም አስታማሚ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ግማሹን ሸፍኖኛል። የማታ ተረኞቹ ገቡ። መኖሬን የሚያውቅ አልነበረም።

ሩጫው ከበሩ በኩል ጀመረ። የአንዷን ቁስል አየ፣ ፋሻ ቀየረ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። አልታጠበም። ሌላዋ ስትጣራ ሮጠ፣ ትራሷን ደገፈላት፣ መርፌ የተሰካበትን ክንዷን ነካካ፣ ተመለሰ። አልታጠበም። ሌሎቹም ከእሱ አይሻሉም። እሱ ግን ሩጫው ስለሆነ ዐይን ውስጥ ይገባል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ! እነዚያው ሰዎች! እነዚያው እጆች!

መምህርቷ ዐይናቸውን ጨፍነው የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ፣ "አንቺ ካፖርትሽን ለብሰሽ ስትመጪ ክፍሉ የፈተና ቀን ይመስላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የእኔም ተማሪዎች እንዲህ ነበሩ። ሲሄድ ያው ናቸው።"

"ታዲያ መማራቸውን እንዴት ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ብዙውን ጊዜ አላውቅም ነበር" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እማዬ በበኩሏ "እኔን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው ወይስ የሰው እጅ ልትጠብቂ?" አለችኝ። ፋሻዋን አየሁላት፤ ትንሽ ረጥቧል። ጠርዙን ገለጥ አድርጌ አይቼ መልሼ ለጠፍኩት። ስልኬ ሲጮህ ወጣሁ።

ከአሥር ዘጠኝ። ያን ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ትኩሳት። እማዬ ትንቀጠቀጣለች። ቁስሉ ቀልቷል፣ ሲጫኑት መግል ይወጣል። ሐኪሙ ቁስሉ ተከፍቶ ይታጠባል አለ። እኔ ከበሩ ውጭ ነበርኩ። ድምፅዋን ሰማሁ። እማዬ በዕድሜዬ ሙሉ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 25

የክፍሉ ዋና ነርስ ዘንድ ሄድኩ። አብረን ነው የተማርነው፣ መኝታ ቤታችን እንኳ አንድ ነበር። ማክሰኞ ማታ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። የሩጫውን ስም ጠርቼ፣ የሄደባቸውን አልጋዎች በተራ እየቆጠርኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"በዐይኔ አይቻለሁ። የእናቴ ቁስል መግል ይዟል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ ምንም አልፈልግም። እሱ ግን ልጅ አለው፣ ሥራው ይበላሽበታል።"

"ታዲያ እጁን ይታጠባ!" አልኳት። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ዞረው አዩን።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ሩጫው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ከክፍሉ ተነስቶ የቀዶ ጥገና ዕቃ ከጀርም የሚጸዳበት ማምከኛ ክፍል ተመድቧል። ሙሉ ቀን እንፋሎት ውስጥ፣ በሽተኛ ማየት የለም።

እማዬ ትኩሳቷ በረድ ብሏል። አትበላም።

ማታ ከእህቴ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስለ ሩጫው እነግራት ነበር። ያ ሁሉ ስልጠና፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ እያልኩ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የምታስበውን ሳትለካ የምትናገረው እኔ ላይ ብቻ ነው።

"አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔ ምን?"

"ከቀዶ ጥገናዋ በኋላ፣ ያን ቅዳሜ፣ ከታክሲ ወርደሽ መጣሽ። የታክሲውን በር ይዘሽ፣ የደረጃውን ብረት ይዘሽ፣ መልስ ተቀብለሽ። ገብተሽ ቀጥ ብለሽ ፋሻዋን ነካሽ። አጠገብሽ ቆሜ ነበር እኮ።"

"የእኔ ሌላ ነው። እናቴ ናት።"

"እና እናትሽ ስለሆነች ጀርሙ አያልፍባትም?"

ተነስቼ ሄድኩ። ሰው ጭንቀት ላይ ሆኖ እንዲህ አይባልም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30

ለእህቴ አልደወልኩላትም። እሷም አልደወለችም።

ለእማዬ ሾርባ ወሰድኩ። ትንሽ ጠጣች። እጄን በኪሴ ከትቼ ቆምኩ።

እሁድ፣ መጋቢት 1

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፣ ልጻፈው።

ከቀዶ ጥገናዋ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነክቻታለሁ። በቀጣዩ ማክሰኞም ነክቻታለሁ፤ ጠርዙን ገልጬ ውስጡን አይቻለሁ። የዚያን ዕለት መጋረጃው ሥር ተቀምጬ የሌላውን እጅ እያየሁ ነበር። የራሴ እጅ ግን ከሹራቤ ወጥቶ እናቴ ሆድ ላይ ሲያርፍ አላየሁትም። እርግጥ አስተካክዬላታለሁ ብዬ ጽፌያለሁ፣ በገዛ እጄ እዚሁ ጽፌዋለሁ፣ ግን እንደ ደግ ሥራ ነበር የጻፍኩት።

ስለ እጅ መታጠብ በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብፈተን ሙሉ አመጣለሁ። ታዲያ ዕውቀት ቢሆን ኖሮ የሚታጠበው፣ የመጀመሪያዋ ታጣቢ እኔ መሆን ነበረብኝ። አልዘነጋሁትም፣ አልናቅሁትም፣ ስንፍናም አይደለም። ቸኩዬ ነበር። እናቴ "ያሳክከኛል" አለችኝ፣ እጄ ቀደመኝ። መታጠቢያው ሩቅ ነበር።

ሩጫውም እንዲሁ ሆኖ ይሆን? አልጠየቅኩትም። ምንም ሳልጠይቀው ነው እንፋሎት ውስጥ የከተትኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። የጀርሙን ስም ነገሩን። የማን እጅ እንዳመጣው ግን ምንም ላቦራቶሪ አይናገርም። የእሱ ሊሆን ይችላል። የእኔ ሊሆን ይችላል። ከሁለታችንም ላይሆን ይችላል። እስክሞት አላውቀውም።

ለዋና ነርሷ ነገርኳት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ይሄን ለማን ልትናገሪው ነው?" አለች። "ላንቺ ተናገርኩ፣ ቀጥሎ ለእሱ" አልኳት። ማስጠንቀቂያው እንዲነሳ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እፈርማለሁ።

ከዚያ ማምከኛ ክፍል ወረድኩ። ሩጫው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ትሪ ይደረድራል። ሲያየኝ እጁን ወደ ላይ አነሳና "ታጥቤያለሁ፣ ሲስተር" አለ። ቀልድ ነው። አላስቀኝም።

እማዬን በራሴ እጅ ሳልታጠብ እንደነካኋት ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። የያዘውን ትሪ አስቀመጠ።

"የእርስዎን አላውቅም፣ እኔ ግን አልታጠብኩም፤ ያዩት እውነት ነው" አለ። "ፈተናው ላይ ስንት እንዳመጣሁ ያስታውሳሉ?"

"አንደኛ ነበርክ።"

"አዎ። አንዷ ስታስታውክ ሌላዋ ከአልጋ ልትወድቅ ስትል፣ መታጠቢያው ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ፣ አንደኛነቴ ምን ያደርግልኛል?"

"የእጅ አልኮሉስ?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ይጠፋል ተብሎ ተቆልፏል። ቁልፉ ዋና ነርሷ ጋ ነው፣ እሷ ደግሞ ማታ ቤቷ ናት።"

ያን ቁም ሳጥን በየቀኑ አልፈዋለሁ። ስለ ልማድ፣ ስለ ቸልተኝነት ሦስት ቀን ሙሉ ሳወራ ስለ ቁልፉ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሩጫው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እኔና ዋና ነርሷ የእጅ አልኮሉን ከቁም ሳጥን አውጥተን በየአልጋው ግርጌ አንዳንድ ጠርሙስ አሰርን። ስልጠናውን ገና ባልወሰደው የውስጥ ደዌ ክፍልም እንዲሁ አደረግን። ከእንግዲህ ወረቀት ይዤ አልቆምም። በየጠዋቱ ጠርሙሶቹን እመዝናለሁ፤ የጎደለው ይነግረኛል። ለነርሶቹ ስለ ሚዛኑ ተናግሬያለሁ፣ ተደብቄ አልሰልልም። ጠርሙስ ግን ካፖርት ስለማይለብስ ማንንም አያስደነግጥም።

ባለፈው ወር ሁለቱ ክፍሎች ከዕቃ ቤት ያወጡትን የእጅ አልኮልም አየሁ። የሰለጠነውም ያልሰለጠነውም እኩል ነው የተጠቀሙት፤ ሁለቱም ምንም የማይባል። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ለእህቴ ደወልኩ። "ልክ ነበርሽ" አልኳት። "አውቃለሁ፣ በልተሻል?" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

እማዬ ዛሬ ቤቷ ገባች! ቁስሏ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ነው፣ ሐኪሙ ገና ሳምንታት ይፈጃል ብሏል። መምህርቷን ስትሰናበት ሁለቱም አለቀሱ፣ ስልክ ተለዋወጡ፤ አንዳቸውም በስልክ ጮክ ሳይሉ ማውራት ስለማይችሉ መንደሩ ይሰማቸዋል።

ለእማዬ ነገርኳት። ታክሲ ውስጥ፣ እጇን ይዤ። ስትቆጣ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆይታ "እኔ እንኳ እጅሽ ስለቀዘቀዘ ነበር የተበሳጨሁት" አለች። ከዚያ "ሌላ ሰው ቢሆን ይቅር ለማለት ይከብደኝ ነበር" ብላ ጨመረች። የትኛው ይበልጥ እንደሚያም አላወቅኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

ሚዛኑ ተናገረ። ጠርሙሱ ከተሰቀለ ወዲህ ያልሰለጠነው ክፍል አጠቃቀሙ በግልጽ ጨምሯል። የሰለጠነው ክፍል ደግሞ ከእሱም እጥፍ ሄዷል። ማለት፣ ስልጠናው ባዶ አልነበረም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እጃቸው የሚደርስበት ነገር እስኪያገኝ። ብቻውን ግን ምንም አላንቀሳቀሰም።

ለዳይሬክተሩ ይዤ ገባሁ። አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሲስተር፣ ከአሥር ዘጠኝ የሚለው የት ሄደ?"

"እሱ እኔ ስቆም የሚታጠቡት ነው፣ ዶክተር። እኔን ነው የለካሁት።"

"ሰዎቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ስልጠናው ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

"ብቻውን አይሠራም።"

"ይሄ መልስ አይደለም።"

"ያለኝ እሱ ነው።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። "አስቢበት" አሉኝ። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሳቸውም እኮ ከበላይ የሚጠይቃቸው አላቸው፤ የሆስፒታሉ ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲ ሲያስቀምጡ አይቻቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

ስብሰባው ነበር። ሁለቱንም ቁጥር አቀረብኩ። የመጀመሪያው ለምን እንደማያስተማምን፣ ሁለተኛው ምን እንደሚያሳይ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት፣ "በሚታዩበት ጊዜና በማይታዩበት ጊዜ የተለየ መሆኑን እንዴት አወቁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ እንዳየሁ ልናገር ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን ከዚያ አልፎ ሄደ። "ሳይታጠቡ በሽተኛ ከነኩት አንዷ እኔ ነኝ" አልኩ። "እናቴን ነው። ያየችኝ እህቴ ናት፣ እኔ አላየሁም።"

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን ያዩ ነበር።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። "አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጠየቅኩሽ፣ ሲስተር" አሉ። ከዚያ ትንሽ አብረውኝ ተራመዱ። "የእናትሽ ቁስል እንዴት ሆነ?" አሉኝ በሩ ጋ ስንደርስ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ወሰኑ። ስልጠናው እንዳለ ወደ ሌሎቹ ሆስፒታሎች አይሄድም። በየአልጋው የእጅ አልኮል ይገዛል፣ ስልጠናው አጥሮ እዚያው በሽተኛው አጠገብ ይሰጣል። እያንዳንዱ ክፍል ራሱ ይሰጣል። ስለዚህ የስልጠና ቢሮ አያስፈልግም። እኔ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ ወደ ነርስነቴ እመለሳለሁ።

አልከፋኝም። ቢሮው መስኮት እንኳ አልነበረውም። በሩ ላይ የለጠፍኩትን የእጅ ሥዕል ሳነሳ ጥጉ ተቀደደ፣ ቤት ወስጄ በፕላስተር ለጠፍኩት። የት እንደምሰቅለው አላውቅም። እማዬ "ወጥ ቤት ስቀይው" አለች። ወጥ ቤት ሰቀልነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

የመጀመሪያ ፈረቃዬ። እግሬ! ወገቤ! እንዴት ነበር ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራ የኖርኩት? ሩጫው "ሲስተር፣ ቀስ ይበሉ፣ ቀኑ ረጅም ነው" ይለኛል፣ እሱ!

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ለመንኩት። አንድ ቀን መርጦ፣ ሳይነግረኝ፣ እጄን እንዲከታተል። "እኔ እርስዎን?" አለ። "አንተ እኔን" አልኩት። ሳቀና ሳይመልስልኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23

ልብሴን ቀይሬ ልወጣ ስል ሩጫው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ዛሬ ነበር" አለኝ።

ልቤ እንደ ተማሪ ልብ መታ። ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር ብዬ አስቤ ነበር። እጄ እስኪደርቅ ስታጠብ ውያለሁ። "እሺ፣ ስንት?" አልኩት።

"ከግማሽ ትንሽ ያልፋል።"

"አይሆንም!"

"ትራስ ሲያስተካክሉ። የመስኮቷን ሴትዮ ሲያቅፏት። አንዲት ልጅ ሲያዞራት ደግፈው ሲይዟት። ሁለት ፋሻ መሀል ስልክ ሲያነሱ።" በጣቶቹ እየቆጠረ፣ ምንም ሳይሳለቅ።

ቆሜ አሰብኩ። የታጠብኩበትን እያንዳንዱን ጊዜ አስታውሳለሁ፣ የአልኮሉ ሽታ ሳይቀር። እሱ ከዘረዘረው ግን አንዱንም አላስታውስም። ሴትዮዋን ማቀፌን አስታውሳለሁ፤ ታለቅስ ነበር። እጄን ግን አላስታውስም።

"አንተስ ስንት ነህ?" አልኩት።

"እኔን ማን ይቆጥረኛል?" አለ።

"እኔ። ቀኑን ግን አልነግርህም።"

ከውስጥ ጠሪ ጠራው። እየሮጠ ሄደ፣ የመጀመሪያው አልጋ ግርጌ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ ጠርሙሱን ተጫነ፣ እጁን እያሸ መጋረጃውን በክርኑ ገፋው። እያየሁት እንደነበር ያውቅ እንደሆነ አላውቅም።